በኒካሑ ላይ ያልነበረችው ሙሽራ

ማልሞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትየ ሰብለወንጌል፣ ሐይቅ

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ልጀምር፤ አንቺም በእስጢፋኖስ ስም መልሺልኝ። የኛ ዘመድ እንዲህ ሲሰላለም ነው የኖረው። እንደምን ከረማችሁ? ልጆችሽ፣ ሥራሽ፣ ጤናሽ? እናቴን በገበያ ቀን ካገኘሻት ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ።

አያቶቻችን የአንድ አባት ልጆች ይሁኑ እንጂ አንቺና እኔ ለቅሶና ሰርግ ካላገናኘን ተያይተንም አናውቅ። ስለዚህ ድንገት ስጽፍልሽ ጉዳይ እንዳለኝ ይገባሻልና ዳር ዳሩን አልሄድም።

አሚናትን ወደዚህ ለማምጣት ካመለከትኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ከተጋባን ስድስት ዓመት፤ አብረን የኖርነው ሰባት ወር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላከልኝ። የኒካሕ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፣ ሁለታችሁን በጋብቻችሁ ቀን አብራችሁ የሚያሳይ ፎቶ እስከ የካቲት 22 ካላቀረብክ ጉዳዩ ይዘጋል ይላል።

የሰርጋችንን ፎቶ ያነሳሽው አንቺ ነሽ። በ2014 ሱቅሽ ሲዘረፍ ኮምፒውተሩም ካሜራውም እንደሄደ አውቃለሁ፤ ይህን ማንሳቴ ለወቀሳ አይደለም። ውጫሌ አሚናት እጅ የነበረው አልበምም አልተረፈም። ወንድሜ ሙአዊያ የሞተብኝም በዚያው ሰሞን ነው፤ ስለ ፎቶ ያን ጊዜ ማን አስቦ።

የተረፈው ሁለት ፎቶ ነው። አንደኛው ኒካሑ ሲታሰር በአንድ ዘመድ ስልክ የተነሳ ነው፤ አባቷ ሐጂ አሕመዲን እጄን ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው። ሁለተኛው አሚናት ሂና ስትቀባ ጓደኛዋ ሂዳያ ያነሳቻት ነው። ሁለቱንም የአክስቴ ልጅ ነጅዋ በፍላሽ ታደርስልሻለች፤ ለንግዷ አዲስ አበባ ስለምትመላለስ ደብዳቤዬንም አሳትማ የምታመጣልሽ እሷ ናት። አንቺ አሚናትን ከሂናው ፎቶ አውጥተሽ ኒካሑ ላይ አስገቢልኝ።

ዋሺልኝ ማለቴ አይደለም። መጋባቱን ተጋብተናል፤ አንቺም ሰርጋችን ላይ በልተሻል። የጠፋው ፎቶው እንጂ ጋብቻው አይደለም። ሐጂ አሕመዲን ግን ረመዷን እስኪወጣ ካልወሰዳት ቃዲ ዘንድ ሄጄ አፋታታለሁ ብለው ምለዋል። ስልክ ስደውል የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። እትየ ሰብለ፣ ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም።

ወንድምሽ ሰላሀዲን


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰላሀዲን

ሰላምታዬ ካለህበት ብርድ ድረስ ገብቶ ያሙቅህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ መንገድ ሲከፈት እንወጣለን፣ ሲዘጋ እንቀመጣለን። እናትህ ደህና ናቸው። የሙአዊያ አራት ልጆች ዙሪያቸውን ከበው አይቻቸዋለሁ፤ ትልቁ ቁመቱ አንተን አክሏል። እዚህ ስልክም ዳታም ስለሌለ ይህን ደብዳቤ እዚያው ፍላሽ ላይ ከፎቶው ጎን ጽፌዋለሁ፤ ነጅዋ አዲስ አበባ ስትደርስ ትልክልሃለች።

መጀመሪያ ልቆጣህ። ኒካሕ ላይ ሙሽራ የት ታይታ ታውቃለች? እኔ ክርስቲያኗ እንኳ አላጣሁት። ኒካሕ ማለት እንደ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ሴት ከበር አታልፍም። ያንተን ኒካሕ እኔ ያላነሳሁት ለምን ይመስልሃል? ካሜራዬን ታቅፌ ጓዳ ከአሚናት ጋር ተቀምጬ ነበር። እዚያ ያለው ሰው ይህን አያውቅም ልትለኝ ነው። እሺ፣ አያውቅም እንበል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ።

አሁን ሥራውን ላስረዳህ፤ የምታቀርበውን ነገር ማወቅ አለብህ። ሰውን ከፎቶ ስናወጣ በመቀስ አንቆርጥም። ማስክ የሚባል ጥቁርና ነጭ ሽፋን እናለብሰዋለን። ነጭ የቀባሁት ይታያል፣ ጥቁር የቀባሁት ይደበቃል፣ ግራጫው ያሳሳል። የተደበቀው አይጠፋም፤ ማስኩን ባነሳሁት ጊዜ እንደነበረ ነው። የአሚናት ሻሽ ስስ ስለሆነ ከኋላው ግድግዳው መታየት ነበረበት፤ ለዚያ ግራጫ ቀባሁ። ፊቷንና ትከሻዋን ነጭ አደረግሁ። ከጎኗ ያሉትን ሴቶች በጥቁር ደበቅኋቸው፤ አንደኛዋ እኔ ነኝ፣ ክንዴ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱንም ቀበርኩት።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አሚናትን ያስቀመጥኳት በሩ ላይ፣ ከመጋረጃው ጥግ ነው፤ ከጓዳ ብቅ ብላ የምታይ እንድትመስል። ለጥርጣሬ የማይመች ቦታ ያ ብቻ ነው። ታዲያ መጋረጃውና ከፊት ያሉት ሽማግሌ ጥምጣም እሷን በከፊል መሸፈን አለባቸው። ሁለቱን በአንድ ማስክ ልሥራ ብዬ ሦስት ቀን ተበላሸብኝ፤ መጋረጃውን ባስተካከልኩ ቁጥር ሻሹ ይነካል። በመጨረሻ አሚናትን ከነማስኳ ግሩፕ የሚባል ከረጢት ውስጥ አስገባኋትና ለግሩፑ ሌላ ማስክ ደረብኩለት። አሁን ሁለት ዘበኛ እንዳለው በር ነው፤ ሁለቱም ካላሳለፏት አትታይም። የሂናው ፎቶ በፍላሽ መብራት የተነሳ ነው፣ የኒካሑ ደግሞ ቢጫ አምፖል፤ ቀለሙን ማስማማት ሌላ ሁለት ቀን ወሰደ። መብራት እዚህ በቀን ሁለት ሰዓት ቢመጣ ነው።

መገጣጠሚያውን ፈልገህ ብታገኝ ሱቄን ልዝጋ። ለድካምሽ ብለህ ምንም እንዳትልክ፤ ብትልክ ቅር ይለኛል።

እህትህ ሰብለወንጌል


ማልሞ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትየ ሰብለ

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እጅሽ አይባረክ ያለ ይታመም። ፎቶውን ስከፍተው ሳላስበው አለቀስኩ። ያ ቤት እንዳለ ነው፣ እሷም እንዳለች ናት።

ግን እትየ፣ አይበቃም። እዚህ ለሐበሾች ወረቀት የሚሞላ አንድ ሰው አለ፤ አሳየሁት። ይቺ ከመጋረጃ ኋላ ያለችው ማንም ልትሆን ትችላለች፣ ከጎረቤት መጥታ የምታይ ነው የምትመስለው አለኝ። ደብዳቤው የሚለው ሁለታችሁ አብራችሁ ነው። ከጎኔ አድርጊያት። በቀኜ፣ ቀረብ ብላ፣ ፊቷ ሙሉ ይታይ።

የነገርሽኝን ረስቼ አይደለም፤ ወጉን አንቺ ለእኔ አትነግሪኝም። ግን ወጉን ጠብቄ እሷን ከማጣት ወጉን አጥፍቼ ባመጣት ይሻለኛል። የአሚናትን ድምፅ ከሰማሁ ሃያ ሦስት ቀን ሆነኝ። ያን ጊዜም አባቷ አጠገቧ ስለነበሩ ደህና ነኝ ብቻ ነው ያለችኝ። ሥራ ቦታ ዕቃ ከእጄ እየወደቀ ነው። የካቲት እየደረሰ ነው፣ እለምንሻለሁ።

ሰላሀዲን


ሐይቅ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰላሀዲን

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ስለተናደድኩ ነው።

በቀኝህ ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ ሙአዊያ ነው የተቀመጠበት። በግራህ ሐጂ አሕመዲን እጅህን ይዘዋል፤ እሳቸውን መነካካት አይቻልም። ስለዚህ አሚናት ከጎኔ ትሁን ማለት ሙአዊያ ይነሳ ማለት ነው። ደብዳቤህ ላይ ስሙን አልጠራህም፤ ፎቶውን ግን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ሠርቼዋለሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ሦስቱን ቁጭ ብዬ ሳየው ነው የዋልኩት። ከግድግዳውና ከምንጣፉ ቀድቼ ሙአዊያ ላይ አለበስኩት፣ በላዩ ላይ አሚናትን አስቀመጥኳት። ያስቸገረኝ እጁ ነው። ግራ እጁን ትከሻህ ላይ ጣል አድርጎታል፤ ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። ከኮትህ ጨርቅ ቀድቼ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሸፈንኳቸው። ለጨርቁ አንድ ማስክ፣ ለግድግዳው አንድ፣ ለአሚናት አንድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለግሩፑ አንድ። ይህን ያህል ተደራርቦበት ሰው ያለበት አይመስልም፤ ከሥር ግን ሙአዊያ እንዳለ ነው፣ ሁሉንም ባጠፋሁ ቁጥር ይመጣል። ብዙ ጊዜ እያጠፋሁ አየሁት። ከዚህ በፊት በሰው ትእዛዝ የሞተ ሰው ሰርግ ላይ አስገብቼ አውቃለሁ፤ የሞተ ሰው ከሰርግ ሳስወጣ ይህ መጀመሪያዬ ነው።

ፍላሹ ላይ ሁለት ፎቶ አለ። አንዱ ያው የመጋረጃው ነው፣ አንዱ ይኸኛው። በገዛ እጅህ ምረጥ። የእኔን ምክር ከጠየቅህ የመጋረጃውን አስገባ። ሙአዊያ የኒካሑ ምስክር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስሙ ተጽፏል። እንዲያውም በሕይወት ስለሌለ መስክር ብለው ሊጠሩት አይችሉም፤ ምስክርነቱ የቀረው እዚያ ፎቶ ላይ መቀመጡ ነው።

የትኛውንም ብታስገባ ግን አሚናትን ንገራት። አንድ ቀን ጠርተው የሚጠይቁት እሷን ነው። እኔ አልነግራትም። ባሏ አንተ ነህ፣ ከእኔ አፍ መስማት የለባትም።

ሰብለወንጌል


ማልሞ፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትየ ሰብለ

ሰላምታዬ ሳያጥር ይድረስሽ፤ አንቺ ብትቆጪም እኔ የምቆጣበት አፍ የለኝም።

ሁለተኛውን አስገባሁት። ቀኑ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት ነው። አስረክቤ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ኮፒውን እንደገና አየሁት። እጁን አስታውሰዋለሁ። ኒካሑ ሲነበብ ላብ አጥምቆኝ ነበር፤ ሙአዊያ እጁን ጣል አድርጎ፣ አብሽር፣ አሁን ያልቃል አለኝ። ይኸው ሸፈንኩት። እሱ ቢኖር ለአሚናት ከሆነ ልነሳላት ይለኝ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ እውነት ይበለው አይበለው አላህ ያውቃል። የሙት አፍ ላይ ቃል ማስቀመጥ ቀላል ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ልጠይቅሽ ነው። ለአሚናት አንቺ ንገሪያት። ትናንት ደውዬ አገኘኋት፤ ሐጂ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው አጠገቧ ነበሩ። እሳቸው ባሉበት ልጅዎን ከወንዶች መሀል አስቀምጫታለሁ ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ለሻይ እንደመጣሽ ሆነሽ ውጫሌ ብቅ በዪና ለብቻዋ ንገሪያት። ከጎኑ ተቀምጬ ነበር ትበል። ይህችን ብቻ። ነጅዋ በሳምንቱ መጨረሻ ትነሳለች፣ ደብዳቤው ፈጥኖ ይደርስሻል።

ሰላሀዲን


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰላሀዲን

ሰላም ላንተ ይሁን። ተቀምጠህ አንብበው።

የየካቲቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ ሚያዝያ 20 ነው። ነጅዋ መንገድ ተዘግቶባት ሁለት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ቀርታ ነበር፤ በእሷ አትፍረድ። አሚናትን አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ የጠራት ደግሞ ሚያዝያ 15 ነበር። አንተ እኔ የነገርኳት መስሎህ፣ እኔ አንተ የነገርካት መስሎኝ፣ ልጅቷ ምንም ሳታውቅ ገባች።

አባቷ ረመዷን ቢወጣም ለዚህ ጥሪ ብለው መሐላቸውን አቆይተው፣ በሌላ መንገድ ይዘዋት ሄደው ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የደረሱት። ሐጂ ውጭ ጠበቁ። መልካም ነገር ሁሉ ጠየቋት፤ የእናትህን ስም፣ የመህሩን ማለት የጥሎሹን ነገር፣ የትኛው ጆሮህ ላይ ጠባሳ እንዳለ። ሁሉንም መለሰች። ፈገግ ብለውላትም ነበር አለችኝ። ከዚያ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አደረጉላት።

ኒካሑ ሲታሰር የት ነበርሽ ሲሏት ጓዳ፣ ከሴቶቹ ጋር አለቻቸው። ይቺስ ማን ናት ሲሏት እኔ ነኝ አለች፤ ግን እዚህ አልተቀመጥኩም አለች። ውሸት መናገር እንዳለባት የነገራት ስለሌለ እውነቱን መናገር የሚጎዳት አልመሰላትም። እነሱ ሲጽፉ፣ ዋናውን ፎቶ የምታውቀው እሷ ይሄኛውን አንስታ አየችና አስተርጓሚውን ጠየቀችው። ያለችውን ቃል በቃል ነግራኛለች።

«ሙአዊያ የታለ? እዚህ ጋ የነበረው ሙአዊያ ነው። የት ወሰዳችሁት?»

ሰላሀዲን፣ እነሱ የወሰዱት መስሏት ነበር።

ከአዲስ አበባ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ብቻዋን በሚኒባስ ወደ እኔ መጣች። ሱቁን ዘግቼ አስቀመጥኳት። ደብዳቤህን ባገኘሁ ማግሥት ስለነበር እንዴት ብዬ ዓይኗን እንደማይ አላወቅሁም። ፋይሉን ክፈቺው አለችኝ፤ ከፈትኩት። የደራረብኩትን አንድ በአንድ እንዳነሳው ጠየቀችኝ። የግሩፑን ማስክ አጠፋሁ፣ የጨርቁንና የግድግዳውን ቅጂ አነሳሁ፣ ሙአዊያ መጣ። ቀጥሎ የእሷን ማስክ አጠፋሁ፣ የሂናው ሴቶች ሁሉ መጡ፤ እኔም አለሁበት። ብዙ ጊዜ አየችው። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ እኔን አልተቀየመችም፤ ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ለእሱ ጻፊልኝ አለችኝ። የተናገረችውን እንዳለ ነው የማስቀምጠው፤

«ፎቶው ውሸት መሆኑ አይደለም ያመመኝ፣ እትየ ሰብለ። ሁለታችሁ አምስት ወር ሙሉ ከዚያ ወደዚህ ስታነሱኝ፣ መጋረጃ ሥር ትሁን፣ ጎኑ ትሁን ስትሉ፣ አንዳችሁ እኔን የት ልትሆኚ ትወጃለሽ ብሎ አልጠየቀኝም። አባቴም አልጠየቀኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይምጣ ብለሽ ጻፊለት። መምጣት ካልቻለ ይልቀቀኝ። አባቴ ቃዲ ዘንድ ሳይሄድ፣ እሱ ራሱ ይልቀቀኝ። ሌላ ፎቶ አልፈልግም።»

የተናገረችው ይህን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኔ ግን ባንተ ብቻ አልፈርድም። መገጣጠሚያው አይታይም ብዬ የኮራሁ እኔ ነኝ። ለሥራው የሰጠሁትን ያን ሁሉ ቀን ትቼ አንድ ቀን ውጫሌ ብሄድ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምጽፍልህ። እግዚአብሔር ያስብህ።

ሰብለወንጌል


ማልሞ፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትየ ሰብለ

አላህ ጤናሽን አያጉድልብሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ግንቦት 9 ነው፤ ሦስት ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ።

ውሳኔው መጥቷል። ሐሰተኛ ማስረጃ በማቅረብ ይላል፤ ተዘግቷል። የእኔም መኖሪያ ፈቃድ እንደገና ሊመረመር ነው። ባለፈው ያልኩሽ ወረቀት የሚሞላው ሰው ይግባኝ እንበል ብሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፎቶ፣ ሙአዊያ ያለበትን፣ እሷ የሌለችበትን ብናስገባ ኖሮ ምናልባት ያልፍ ነበር አለኝ። ይግባኙን ተወው ብዬው ወጣሁ።

ይምጣ ብላለች። ትኬት ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ አንድ ቀን ልብሴን ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ አድሬያለሁ። ብመጣ ተመልሼ መግባት የለም። እናቴ አለች፤ የሙአዊያ አራት ልጆች አሉ፤ አራቱም የሚማሩትና የሚበሉት ከዚህ በምልከው ነው። ሁለቱ ነገር አልገጥም አለኝ። ልምጣ ያልኩበት ቀን የልጆቹ ፊት ይመጣብኛል፤ ልቅር ያልኩበት ቀን የእሷ። እትየ፣ ሰው መሀል ቆሜ ጮኼያለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ። ሰዎቹ ከጎኔ ተነስተው ሄዱ።

ይህን ቀጥሎ ያለውን ለብቻዋ አንብቢላት። ሐጂ በኋላ ይሰሙታል። ቃዲው ዘንድ የሚቀርበውን ወረቀት በእጄ ጽፌ፣ እዚህ መስጊድ ሁለት ሰዎች አስፈርሜ ለብቻው ልኬዋለሁ።

አሚናት አሕመዲን፣ ፈትቼሻለሁ። በአንቺ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ያደረግሁብሽን ሁሉ ሳልጠይቅሽ ነው ያደረግሁት። ይህን ግን አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ሰላሀዲን